ሙሽራዋ የተቀባችው

እማማ መርፌን አርባ ዓመት ሙሉ «ልክዎ ተሳስቷል» ያላቸው ሰው አልነበረም። ዛሬ ያለቻቸው የገዛ ልጃቸው ናት፤ ያውም ደንበኞቿ ፊት።

«እማዬ፣ ሲባጎሽ አርጅቶ ተኮማትሯል። እንደ ሰው በሜትር ለኪ» አለች፣ የአንዷን ሴት ፀጉር እየጠቀለለች።

«ሲባጎ ሲያረጅ ይላላል እንጂ አይኮማተርም። የሰፊ ልጅ ሆነሽ ይህን አታውቂም?» አሏትና ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የስፌት ክፍላቸው ተመለሱ።

መርፌ የተባሉት በስፌታቸው ይሁን በምላሳቸው፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ፊደል አልቆጠሩም። ቁጥር ያለበት ሜትር ለእሳቸው የተዥጎረጎረ ጥብጣብ ነው። ለእያንዳንዷ ደንበኛ አንድ ሲባጎ ይቆርጣሉ፤ ለደረት አንድ ቋጠሮ፣ ለወገብ ሁለት፣ ለክንድ ሦስት፣ ለእጅ አንጓ አራት። ሲባጎው ግድግዳው ላይ በሚስማር ይሰቀላል። የማን እንደሆነ ዳስሰው ይለዩታል።

የልጅ ልጃቸው ቬሎዋን ለብሳ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ሰርጓ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። አንጓዋ ላይ የሲባጎው ቋጠሮ አልደርስ ብሎ የአንድ ጣት ክፍተት ትቷል። ትከሻዋ ግን እንደነበረ ነው፤ ደረቷም እንደነበረ። ሰው ሲወፍር ትከሻውና ደረቱም አብሮ ይወፍራል። እነሱ ሳይነኩ አንጓው የወፈረ ሰው እማማ መርፌ አላዩም።

ነገር ግን ወደ ፀጉር ቤቱ ተመልሰው አፋቸውን ሞልተው ለመናገር አልደፈሩም። የወገቡን ስፌት ሁለት ጊዜ በድብቅ የለቀቁት ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ልጅቷ አርግዛለች ብለው ደመደሙ። ሰፊ ደግሞ የሙሽራ ወገብ ሲሰፋ ስፌቱን ለቀቅ አድርጋ አፏን ትዘጋለች፤ ሥራው እንደዚያ ነው። ስንቷን ሙሽራ ከሐሜት ያዳኑት በዚህ ነው። እንዲያውም ለሕፃኑ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ መርጠው አስቀምጠዋል።

«ቁጭ በይና እግርሽን አምጪ» አሏት።

ልጅቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የካልሲዋ ጠርዝ ቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ቦይ አውጥቷል። አውራ ጣታቸውን ከአጥንቷ በላይ ተጫኑና ለቀቁ። ጉድጓዱ አልሞላም። ሊጥ ላይ እንደተጫነ ጣት ቀረ።

«እርጉዝ ነሽ?»

«ኧረ እማማ፣ አይደለሁም። ምን ነካሽ?»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። ከወዲያ የእናቷ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጠዋት ጠዋት ዓይኔ አልገለጥ ይለኛል። ሽንቴም እንደ ሳሙና አረፋ ይሠራል። ለእማ እንዳትነግሪያት፣ ሰርጉ ይተላለፋል።»

አሮጊቷ ፊቷን በደንብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። እስካሁን የሚያዩት ከአንገት በታች ነበር፤ ሥራቸው እዚያ ነውና። ፊቷ የተላጠ ድንች መስሏል። የጣቶቿ መገጣጠሚያና የጆሮዋ ጫፍ ግን እንደ ጥንቱ ጥቁር ናቸው። ፊቱ የአንዷ፣ እጁ የሌላዋ።

«ምንድን ነው የምትቀቢው?»

«እማ የምትቀምመውን ክሬም። ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ» አለች። «የእጮኛዬ እናት ቬሎውን ልታይ የመጣች ቀን፣ እጄን አንስታ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችና ‹ፎቶው ላይ ጥርስሽ ብቻ እንዳይወጣ› አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እማ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ክሬሙን ሰጠችኝ።»

እማማ መርፌ ቬሎውን አስወልቀው፣ እጇን ይዘው፣ በፀጉር ቤቱ መሀል አልፈው ወጡ። እናትየው «የሙሽራ ጭንቀት ነው እኮ» እያለች ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ እስከ ክሊኒኩ ተከተለቻቸው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የሽንቱን ውጤት አየች፤ ደግማ አየች።

«ብዙ ፕሮቲን ከሽንቷ ጋር እየወጣ ነው። ኩላሊቷ ማጣራት አቅቶታል። የምትቀባው ነገር አለ? ቆዳ የሚያነጣ?»

ልጅቷ እናቷን አየች።

«ሎሽን ብቻ ነው» አለች እናት።

«ውሸቷን ነው» አሉ እማማ መርፌ።

«እማማ፣ እርስዎ ውጭ ቢጠብቁን? ለእናቷ ላስረዳት ነው።»

«እኔ ደግሞ እናቷን የወለድኩ ነኝ። ማንበብ አልችልም እንጂ ማየት እችላለሁ። እጇን ከፊቷ ጎን አድርጊና አንቺም እዪ።»

ሐኪሟ ቅር እያላት የልጅቷን እጅ አንስታ ከጉንጯ አስጠጋች። ብዕሯን አስቀመጠች። አሮጊቷን ውጡ ማለቱም ቀረ።

«እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ አንዳንዴ ሜርኩሪ ይገኛል። በቆዳ ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀቢ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልክሻለሁ። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ሰው ይድናል፤ ከዘገየ ግን ኩላሊትሽን ልታጪ ትችያለሽ። የክሬሙን ዕቃ አሁኑኑ አምጡልኝ፣ አብሮ ይመርመር።»

«ጥዬዋለሁ» አለች እናት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ልጅቷን ክሊኒኩ አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ሁለቱ ለሆስፒታል የሚሆን ልብስ ሊያመጡ ተመለሱ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። እናትየው ፈገግ ብላ «መጣሁ» አለቻቸውና የመታጠቢያውን ክፍል መጋረጃ ከኋላዋ ዘጋች። እማማ መርፌ ግን ቀድመዋት ገብተው፣ ከመታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብለው ነበር። ስምንት ነጫጭ ዕቃ። አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም። ለዛሬ እንኳ ማንበብ ያቃታቸው እሳቸው ብቻ አይደሉም።

«አትንኪያቸው። ግማሹ ሰፈር የሚቀባው ነው። አንድ ቃል ከወጣ አለቀልኝ።»

«ልጅሽ እዚያ ተኝታ?»

«ለእሷ ብዬ አይደል እንዴ?» እናትየው ዕቃዎቹ ፊት ቆመች። «‹ከሰሌ› እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ? እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ይቺኛዋ ብርሃን ካልበራ አትታይም› እያልሽ የምታስቂብኝ አንቺ አይደለሽ? ልጄ ያንን እየሰማች እንዳትኖር ነው።»

እማማ መርፌ ከሰሌ ያሉት በፍቅር ነበር፤ ለእሳቸው እንደዚያ ይመስላቸው ነበር። ልጃቸውም ያኔ ትስቅ ነበር። የልጅ ልጃቸው አማቷ ፊት እንደሳቀችው መሆኑን ዛሬ ነው የሚያውቁት። አንዱን ዕቃ እንደያዙ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ብያለሁ» አሉ። «ስፌቱንም ሁለቴ የለቀቅሁት እኔ ነኝ፣ አርግዛለች ብዬ። ያን ቀን ብናገር ሦስት ሳምንት እንቀድመው ነበር። እኔን በኋላ ትሰድቢኛለሽ፣ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ። አሁን ይህን ያዢ።»

«ሐኪሟን ምን ልበላት? ዱቄቱን ከሰው ነው የምገዛው። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

«እሱኑ በያት። ከማን እንደገዛሽው፣ ስንት ማንኪያ እንደምትጨምሪ፣ በራስሽ አፍ። እኔ ብወስደው አሮጊት ያገኘችውን አንስታ መጣች ይላሉ። የተኛችው ልጅሽም ከአፍሽ ትስማው።» ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። «ከዚያ በፊት ግን ወንበር ላይ ላሉት ለነዚያ ሁለት ሴቶች ትነግሪያቸዋለሽ። መጋረጃውን ክፈቺው።»