የማጣሪያው ቀለበት

እኔ መምህርት ነኝ። ተማሪ ሲኮርጅ ካየሁ ወረቀቱን ነጥቄ በሩን የማሳይ፣ በዚህም የተነሣ «ጨካኟ» የሚል ስም የወጣልኝ መምህርት። ስለዚህ የሠራሁትን ነገር ስናገር ፊቴ ቲማቲም ቢመስል አይገርምም።

ነገሩ የቁልፍ ነገር ነው። አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ የገዛት ግራጫ የናፍጣ ፒካፕ ከእናቴ ቀጥሎ የሚወዳት ነገር ናት፤ እናቴን ከጠየቃችሁ ደግሞ ከእሷም በፊት። መሪዋን ከእሱ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። እኔን እንኳ መንዳት ያስተማረኝ በጓደኛው መኪና ነው። አሁን ግን ዓይኑ እየከዳው ነው። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሮታል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን በጭጋግ ያያል፣ ከጎን የሚመጣውን ጨርሶ አያይም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን የአጥር ቋሚ ገጭቶ ሲመጣ «ይሄ ቋሚ ትናንት እዚህ አልነበረም» አለን። ቋሚው ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል።

ሳቅን። ትንሽ ቆይቼ ግን እማዬን ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ነገ ቋሚ ሳይሆን የሰው ልጅ ቢሆንስ? እሱ ራሱስ ቢሞትብኝ?» አለችኝ። «አንቺን ይሰማሻል። ቁልፉን ተቀበይልኝ።»

በማግስቱ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየ።

«መኪናዋ ዳገት ላይ ትታፈናለች» አለ በመጨረሻ። «የናፍጣ ማጣሪያዎቿ ተደፍነዋል። ቅዳሜ ሁለቱንም ለብቻዬ እቀይራለሁ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አሥር ደቂቃ ሳይጠፋ ከሠራ ቁልፉ የእኔ ነው፤ ሁለተኛ እንዳታነሡብኝ። ከጠፋ በእጄ እሰጥሻለሁ።»

«አባዬ፣ ማጣሪያ መቀየርና መንዳት ምን አገናኛቸው?»

«ሁለቱንም የምሠራው እኔ ነኛ!»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እንደማይችል እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ዓርብ ከሰዓት ግን አዲሶቹ ማጣሪያዎች ከነካርቶናቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ሳይ ልቤ ከዳኝ። ይሄ ሰውዬ ቢችልስ? ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቡ ቆሜ መፍቻ ሳቀብል ስላደግሁ የቱ ነገር ቢጎድል እንደሚሸነፍ አውቃለሁ። ከእያንዳንዱ ማጣሪያ ጋር በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ጥቁር የላስቲክ ቀለበት አለ። እሱ ከሌለ ሞተሩ አየር ይስባል፤ ይነሣል፣ ሁለት ሦስቴ ያስላል፣ ይጠፋል። አንዱን ካርቶን ከፈትኩ፣ ከረጢቱን ቀደድኩ፣ ቀለበቱን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ጨካኟ መምህርት!

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ግቢው ውስጥ ካርቶን አነጠፈና በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። የመጀመሪያው ማጣሪያ እዚያ ነው፣ ከናፍጣ ታንኩ አጠገብ።

«ሰውዬ፣ እዚያው እንዳታንቀላፋ!» አለች እማዬ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ።

«አንቺ እየጮህሽ ማን ይተኛል!»

ከማጣሪያው ግርጌ ያለችውን ብሎን ፈታና የወረደውን በጣሳ ተቀበለ። ጣቱን ነክሮ አሻሸው። «ውሃ ጠጥታለች፣ ምስኪን» አለ። ከዚያ አሮጌ የቆዳ ቀበቶውን በማጣሪያው ዙሪያ ጠምጥሞ ጫፉን ሲስበው ማጣሪያው አንዴ ሲጥ ብሎ ተፈታ። አዲሱ ውስጥ ንጹሕ ናፍጣ ሞላ፣ ቀለበቱን በናፍጣ አረሰ፣ በእጁ አጠበቀ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ዓይኑን ጨፍኗል። ዓይኑን ሲከፍት ብሎኑን ይስታል፤ ሲጨፍን ግን እጁ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ከሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈና ኮፈኑን ከፈተ። ሁለተኛውንም በቀበቶው ፈታው። ከዚያ እጁን ካርቶኑ ውስጥ ከተተ። ዳበሰ። ካርቶኑን ገልብጦ አራገፈው። ባዶውን ከረጢት አገኘና የተቀደደውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ሄደበት።

«ቀለበቱ የለም» አለ።

«ፋብሪካው ረስቶት ይሆናላ» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ይሆናል።»

አሮጌውን ቀለበት በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣና አጠፍ አጠፍ አደረገው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወደ ዕቃ ቤት ሄዶ የብስኩት ቆርቆሮውን አመጣ። ውስጡ የዓመታት ቀለበት ሞልቷል፣ ትልቅ ትንሹ፣ ወፍራም ቀጭኑ። አንድ በአንድ በጣቱ ላይ እያጠለቀ ለካቸው። ሰባት ጣለ፤ ስምንተኛውን ማጣሪያው ላይ አስቀመጠና ዙሪያውን ዳብሶ ራሱን ነቀነቀ። ማጣሪያውን ገጠመ። ናፍጣ የሚገፋውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ተጫነው፤ የአየር ማውጫዋን ብሎን ላላ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። እኔ አረፋውን አየዋለሁ፣ እሱ ይሰማዋል። አረፋው ባቆመባት ቅጽበት ብሎኗን አጠበቃት።

«አስነሺ» ብሎ ቁልፉን ሊሰጠኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ራሱ ገብቶ አስነሣት።

ሞተሩ አንዴ አሳለና ተነሣ። እማዬ የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት አውርዳ አቅፋው ወጣች። ሦስታችንም ቆመን ሰዓቱን አየን፤ ማለቴ ሁለታችን አየን፣ እሱ ሞተሩን አዳመጠ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ ትንሽ ወረደ። «እንዳትጠፊ» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። የእኔው አፍ ነው። ቁልፉን ልነጥቀው የመጣሁት ልጅ እንዲያሸንፍ እየጸለይኩ ነበር።

«አሥር» አለች እማዬ። ደስ ይበላት ይክፋት ከፊቷ መለየት አልቻልኩም።

አባዬ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ቧንቧው ጋ ሄዶ እጁን በሳሙና ዱቄት አሸ፣ ታጠበ፣ እርጥብ መዳፉን ወደ እኔ ዘረጋ።

«አምጪው።»

«ምኑን?»

«ኪስሽ ያለውን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀለበቱን አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩት። በጣቶቹ መካከል አሽከረከረው።

«ስድስት ዓመትሽ ሆኖ የሰው መስኮት በድንጋይ ስትሰብሪ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ሮጠሽ መጥተሽ የነገርሽኝ ልጅ ነሽ» አለ። «እኔን አንድ ቀን አታለሽኝ አታውቂም።»

«ፈርቼ ነው፣ አባዬ። እንዳትሞትብን ፈርቼ ነው። ሰው ገድለህ ቀሪ ዕድሜህን በጸጸት እንዳትኖር ፈርቼ ነው።» እንባዬ ቀደመኝ።

እማዬ ሰዓቱን እንዳቀፈች ወደ እኛ ቀረበች። አባዬ ፊቱን ወደ እሷም ወደ እኔም አዞረ፤ ምን ያህሉን እንዳየ አላውቅም።

«ስለ ዓይኔ ሐኪሙ ሲነግረኝ አላመንኩትም። ቋሚውንም አላመንኩትም» አለ። «አንቺን ሌባ ያደረገሽ ፍርሃት ግን ቀላል ፍርሃት አይደለም።»

ቀለበቱን ቆርቆሮው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጨመረው። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ።

«አሸንፈሃል እኮ» አልኩት።

«አሸንፌያለሁ። ለዚህ ነው የምሰጥሽ። ማጣሪያዋን ግን የምቀይረው እኔ ነኝ፤ እዚያ ላይ ማንም እንዳይደርስ!»

እጁን ኮፈኑ ላይ እያስኬደ በፊት በኩል ዞረ። የተሳፋሪውን በር እጀታ ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት፤ በዚያ በኩል ገብቶ አያውቅማ። እኔ በመሪው በኩል ገባሁ። እግሬ ፍሬኑ ጋ አይደርስም።

«ወንበሩን ሳቢው፤ ማንሻው ከሥርሽ ነው» አለኝ።

ሳብኩት። ወይ ፍንክች። ከተገዛች ጀምሮ በእሱ እግር ልክ ተተክሎ የኖረ ወንበር ነው። አባዬ ጎንበስ ብሎ በእጁ እየዳበሰ ማንሻውን አገኘና ተጫነው፤ «አሁን» አለ። እኔ መሪውን ይዤ ራሴን ሳብኩ፤ ወንበሩ ተንጫጭቶ ወደ ፊት ሄደ።