የቄስ ሰይፈሥላሴ አክታ

ቄስ ሰይፈሥላሴ ይህን ነገር ሲያወሩት ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከድምፃቸው ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው ደብራቸው እንደሳቸው ያለ ድምፀ መልካም ቄስ እንዳልነበረ፣ ይህንንም ከማንም በፊት የመሰከሩት እሳቸው ራሳቸው እንደነበሩ ይናገራሉ። ቅዳሴ ከመግባታቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት ነገር ብቻውን ግማሽ ማኅሌት ይወጣዋል። ያን ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጉንፋን ይዟቸው፣ ጉንፋኑ ሲሄድ ሳሉን ትቶላቸው ሄደ። እሳቸውም ሳሉን አልጠሉትም። ሲስሉ ሰው ዞር ብሎ ያያቸዋል፤ ሴቶቹ «እግዚአብሔር ይማርዎ አባ» ይሏቸዋል፤ ባለቤታቸው ንጋቷ ደግሞ ተልባ አፍልታ በማር ታቀርብላቸዋለች። ከተጋቡ ወዲህ እንደዚያ ሰሞን የተሞላቀቁበት ጊዜ የለም።

ንጋቷ አትስልም። ታማ የምታውቅ ሴት አይደለችም፤ ቢያንስ ባሏ የሚያውቁት እንደዚያ ነው። እርግጥ መቀነቷ ያን ጊዜ ወገቧን አንድ ዙር ጨምሮ ይዞር ጀምሮ ነበር። ቄሱ ይህን አይተዋል። አይተውም «ፍልሰታን እንደሷ አድርጎ የሚጾም ማን አለ» ብለው በልባቸው ኮሩባት። ጾሙ ከተፈታ ወር ማለፉን ግን ልብ አላሉም።

አርሴማ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። አርሴማ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስትሆን፣ በሕፃንነቷ ያጠመቋት እሳቸው ስለሆኑ የምትነግራቸውን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ነው የሚሰሟት። ከደብረ ብርሃን የመጡ ተመራማሪዎች ጤና ኬላው ውስጥ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አስቀምጠዋል አለቻቸው። መሣሪያዋ የሰው አክታ ሲሰጧት የሳንባ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩን በዚያው ቀን ትናገራለች። ጥናቱም ሰው ሆስፒታል ድረስ ሳይንከራተት በሽታው እዚሁ መንደሩ ቢገኝለት፣ መድኃኒቱን ቶሎ ይጀምራል ወይ፣ ጀምሮስ ይድናል ወይ የሚለውን ለማወቅ ነው። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ የሳለውን ሰው ሁሉ እየፈለገች ነበር። የቄሱን ሳል ለማግኘት ደግሞ መፈለግ አያሻም፤ ጤና ኬላው በር ላይ ቁጭ ብለውም ይሰማል። ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠቻቸውና በማግሥቱ ጠዋት፣ እንደተነሡ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ከደረታቸው ስበው እንዲተፉበት ነገረቻቸው።

ችግሩ ሳምንቱ የሳቸው ሰሞን መሆኑ ነበር። ሰሞነኛ ቄስ ከቤቱ ተለይቶ ሳምንቱን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያድራል፣ ዕለት ዕለት ይቀድሳል፣ ይቆርባል። የቆረበ ሰው ደግሞ ያን ቀን እንትፍ አይልም። ዝንብ እንዳትገባበት አፉን በነጠላ ሸፍኖ የሚሄድ ሰው ከደረቱ ስቦ በዕቃ ሊተፋ ነው? ታዲያ ከቅዳሴ በፊት፣ በማለዳ መትፋት አይቻልም ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ዛሬ አድማጭ ሳያነሣው ቀድመው የሚያነሡት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ግን ትናንት በቆረበና ዛሬ በሚቆርብ አፍ መሐል የሚተፋበት ሰዓት አልታይ አላቸው። ሰሞኔ ይለቅና እሰጣለሁ ማለትም ይቻል ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሕጉ ይልቅ ያስጨነቃቸው ፍርሃታቸው ነው። ነቀርሳ የተገኘበት ቄስ ጽዋ ሲያነሣ ሕዝቡ በምን ዓይን ያየዋል? ያ ሁሉ ድምፅስ የት ሊገባ ነው?

ያን ዕለት ንጋቷ ምግባቸውን ይዛ ቅጥሩ ድረስ ስትመጣ ዕቃዋን አውጥተው ሰጧት። ነገ ጠዋት ሳትጉመጠመጪ፣ ከደረትሽ ሳብ አድርገሽ እዚህ ትፊና ለአርሴማ የቄሱ ነው ብለሽ ስጪልኝ አሏት።

«የኔን?» አለች ንጋቷ።

«ባልና ሚስት አንድ ሥጋ አይደሉም እንዴ? ሥጋው አንድ ከሆነ አክታው ሁለት ሊሆን አይችልም» አሏት።

ይህን ሲሉ በትርጓሜያቸው እንደረኩ ዛሬም አይክዱም። ስንት ሙሽራ ፊት የተናገርኩትን ቃል ለዚህ ሥራ ያዋለው የመጀመሪያው ቄስ እኔ ሳልሆን አልቀርም ይላሉ። ንጋቷ አልተከራከረችም። ዕቃዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ሄደች። እሳቸው ደግሞ ታማ የማታውቅ ሴት አክታ ንጹሕ ሆኖ እንደሚመለስ አንዳች አልተጠራጠሩም።

አክታው በተሰጠ በማግሥቱ አርሴማ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቀቻቸው። መስቀል ተሳልማ ስታበቃ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«አባ፣ ተገኝቷል» አለች።

ቄሱ የዚያን ሰዓት የመጀመሪያ ሐሳባቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ስለ ንጋቷ አልነበረም። በሷ አክታ እኔ ከመቅደስ ልወጣ ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳባቸው መሣሪያዋ ተሳስታለች የሚል፣ ሦስተኛው ደግሞ መድኃኒቱን ተቀብለው፣ ቤት ወስደው፣ ከተልባው ጋር አደባልቀው ንጋቷን ሳታውቅ ማጠጣት ነው። በዚህ በሦስተኛው በጣም ደስ አላቸው። ማንም አያፍርም፣ ማንም አያውቅም፣ እሷም ትድናለች። አርሴማ ግን በሽታው የተገኘበትን ሰው ቤተሰብ መጠየቅ ሥራዋ ነውና ያን ቀን ቤታቸው ሄዳ ንጋቷን ያስላት እንደሆነ ጠየቀቻት። ንጋቷም የለም አለች። የማይስል ሰው አክታ አይጠየቅምና ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ሰሞኑን ለሌላ ቄስ አስረክበው ጤና ኬላው ሲደርሱ የጥናቱ መሪ እሱባለውም ነበር፤ ረጋ ያለ፣ «አባታችን» እያለ የሚያናግር ወጣት ሐኪም። ኪኒኑን በስልቻቸው ይዘው ሊሄዱ መሆናቸውን ሲነግሩት ፈገግ ብሎ እንደማይቻል አስረዳቸው። ስድስት ወር ሙሉ ሳያቋርጡ መዋጥ ስላለበት፣ መጀመሪያ መጀመሪያ በየጠዋቱ እዚሁ አርሴማ ፊት ነው የሚዋጠው። ኪኒኖቹን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ውኃውን በብርጭቆ ያዘችላቸው። ከዚያ ቆማ አፋቸውን ታይ ጀመር።

ቄሱ መዳፋቸውን አዩት። ቀያዮቹ ኪኒኖች የንጋቷ ናቸው። እኔ ብውጣቸው ለሷ ይደርሳት ይሆን ብለው ለአንድ አፍታ የምር አሰቡ፤ አንድ ሥጋ ነን ያሉት እሳቸው አይደሉም እንዴ? ከዚያ መቀነቷ ትዝ አላቸው። ያ ትርፍ ዙር። ተልባውን ስታቀርብላቸው ብርጭቆው እጇ ላይ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ትዝ አላቸው፤ እሳቸው ያን ጊዜ ማሩ ማነሱን ነበር የተናገሩት። በርበሬ እንደነሰነሱበት ያህል ዓይናቸው አቃጠላቸው።

«አልውጠውም» አሉ። «አክታው የኔ አይደለም። የሚስቴ ነው። አታልያችሁ ነው።»

አርሴማ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። ቄሱ ስለ ሰሞኑም፣ ስለ ፍርሃቱም፣ ስለ አንድ ሥጋውም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ቁጣ ጠብቀው ነበር። እሱባለው ግን አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ባለቤታቸው ፈጽሞ እንደማይስሉ ደጋግሞ ጠየቃቸው። እንደማትስል ሲያረጋግጡለት ፊቱን በመዳፉ አበሰ።

«አባታችን፣ ጥፋቱ የርስዎ ብቻ አይደለም» አለ። «እኛም የሚያስለውን ብቻ ነው የጠየቅነው። እርስዎ ደንብ አክብረው ቢሆን ኖሮ የባለቤትዎን አክታ የሚጠይቅ አልነበረም።»

ቄሱ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቀለል አላቸው፤ ቀለል ስላላቸውም አፈሩ።

ንጋቷን ያገኟት ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ነው። ነገሩን ነገሯት። ጎመኑን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ሲጨርሱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቷ ለሚውሉት ልጅ ልጆቿ በሽታውን አስተላልፋ ይሆን? ቄሱ ደጀ ሰላሙ ላይ የተሰለፉትን ሦስት ሐሳቦቻቸውን ከዚህ ከሷ አንድ ሐሳብ ጎን ቢያቆሟቸው የሚገቡበት ጠፋቸው። በማግሥቱ ሁለቱም በየራሳቸው ዕቃ ተፉ። የሷ እንደገና ተገኘበት። ልጅ ልጆቹ ተመርምረው ደህና ናቸው ተባለ። የሳቸውም ንጹሕ ነበር፤ ሐኪሙ ደረታቸውን ካዳመጠ በኋላ የያዘዎት ሳሉ ሳይሆን ልማዱ ሳይሆን አይቀርም አላቸው። ይህን ለሰው ሲያወሩ እስኪያነቡ ይስቃሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ያን ሁሉ ለምእመኑ ተናገሩ። ሰው መጀመሪያ አፉን በነጠላ ይዞ ሳቀ። በማግሥቱ ጤና ኬላው ደጅ የሚስለውም የማይስለውም ተሰልፎ ነበር፤ እሱባለውም ለአለቆቹ ደውሎ የጥናቱን አካሄድ ለማስቀየር ሲለምን ዋለ አሉ።

ቤታቸው ውስጥ ብርድ ፈርተው በጭድ የደፈኑትን መስኮት ቄሱ በገዛ እጃቸው ከፈቱት። ንጋቷም መድኃኒቷን ጀመረች። መጀመሪያ አስመለሳት፣ ሽንቷ ቀላባት፣ ኋላ ለመዳት። እህል መቅመስ ጀመረች። ቄሱም እያደር ድፍረታቸው ሲመለስ አንድ ቀን ጎኗ ተቀምጠው፣ የሰው ነገር ይገርማል፣ እኔ ባላታልል ኖሮ ማን ያውቅልሽ ነበር፣ እግዜር በኔ ጥፋት አዳነሽ አሏት። ምስጋናው በከፊል ለሳቸው ይገባ እንደሁ ማለታቸው ነበር።



«እግዜር ይመስገን» አለች ንጋቷ። «እርስዎ ግን አክታዬን የፈለጉት ለራስዎ ነው። ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ ይሉኛል። መልሱን ስነግረው የኖርኩት ለበሩ ነው።»

ለሁሉ ነገር ትርጓሜ የማያጡት ሰውዬ ያን ቀን ሲዞሩ ዋሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። እንደ ወትሯቸው «እንዴት አደርሽ» አሉና እንደ ወትሯቸው ወደ በሩ ተራመዱ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመለሱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ንጋቷ፣ ቀና ሳትል።

ቄሱ አልሄዱም። ቀና ብላ አየቻቸው። አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

«ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ነበር፤ አሁን ተወኝ» አለች ቀስ ብላ። «ጉልበቴ ግን ገና ነው። ውኃ ስቀዳ መንገድ ላይ አረፍ እላለሁ። ግንቦት ላይ ነው የጀመረኝ።»

«ግንቦት ላይ?»

«ግንቦት ላይ።»

ደወሉ ተደወለ። ሰሞኑ የሌላ ቄስ ነበር፤ የሳቸውም ቢሆን ግን ያን ጠዋት የሚሄዱ አይመስላቸውም። ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ጀምረው ተዉት። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መደቡ ላይ ከጎኗ ተቀመጡና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሏት።