መንገድ ላይ ያለው ሶል

በጫማ ፋብሪካው ውስጥ የዕቅድ ሠራተኛውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «መንገድ ላይ» ነው የሚሉት። ቆዳው የት ደረሰ? መንገድ ላይ ነው። ማጣበቂያውስ? እሱም መንገድ ላይ። በሳምንታዊው የምርት ሰሌዳ ላይ እንዲህ የሚል አምድ ነበረው፤ የግዥ ማዘዣው ከጠረጴዛው ከተነሣ ዕቃውን እንደመጣ ይቆጥርና ሥራውን ይደለድልበታል። የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ባዶውን መደርደሪያ እያሳዩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሉታል። እሱ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ድረስ ላሚቱ ሳትወርድ ቀርታ አታውቅም።

ታላቅ እህቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ሶል ትለጥፋለች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችውም ያስተማረችውም እሷ ናት፤ ከማጣበቂያው ብዛት የጣቶቿ አሻራ እንኳ ጠፍቷል። ባለፈው ወር ማሸጊያ ክፍል አንድ ቦታ ሲከፈት አለቃዋ ቅድሚያ ሰጣት። ሦስተኛው መስመር ሶል ካጣ ሠራተኛው ይሰናበታል እየተባለ ይወራ ነበርና፣ ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ ወንድሟን ጠየቀችው።

«መንገድ ላይ ነው እትዬ» አላት፣ ከሰሌዳው ቀና ሳይል። «አርፈሽ ተቀመጪ።»

የማሸጊያውን ቦታ ለጎረቤቷ ለቀቀችላት።

ዐርብ ጠዋት መሳቢያው አልዘጋ ብሎ አስቸገረው። እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ የተጨማደደ ወረቀት ጎትቶ አወጣ። የሶሉ ማዘዣ ነው። ፊርማ የለውም። ነገ አስፈርመዋለሁ ብሎ ሰሌዳው ላይ ቀድሞ መዝግቦት፣ ነገ በነገ እየተተካ ሰባት ሳምንት አልፏል። ክው አለ። ዛሬ ቢታዘዝ ሁለት ወር ይፈጃል፤ ግምጃ ቤት የቀረው ደግሞ አንድ ሰዓት አያሠራም። ማንን ይወቅስ? የገዛ እጁ ጽሕፈት ነው።

ለሥራ አስኪያጁ ከመናገሩ በፊት ለእሷ ሊነግራት ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ወረደ።

መስመሩ ሶል ጨርሶ ቆሟል። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ያጉረመርማሉ፤ አንዷማ ሶሉ ጭራሽ አልታዘዘም እያለች ነው። እህቱ መሐላቸው ቆማ ትሟገታለች። ወንድሜ ዋሽቶኝ አያውቅም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ ትላቸዋለች።

ስታየው ፊቷ በራ።

«ይኸው መጣ። በል አንተው ንገራቸው፣ እኔንስ አላመኑኝም።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ኪሱ ውስጥ ወረቀቱን ጨበጠው። እውነቱን ሊናገር ነበር የመጣው፤ ፈራ፣ አፈረም፤ አንደበቱም የለመደውን አወጣ።

«መንገድ ላይ ነው» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እህቱ አላልኳችሁም ብላ ሴቶቹን ዞራ አየቻቸው። ከዚያ የሥራ ሽርጧን ሳትፈታ ግንቡ ሥር ተቀመጠችና ጭነት መኪና የሚገባበትን በር ትጠብቅ ጀመር።