የቀረችው ሠላሳ ሰከንድ

አድማጮቹ ነጎድጓዱ የሚሉት የስፖርት ጋዜጠኛ በሕይወቱ ለሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ አያውቅም ቢባል ሐሜት አይደለም። መናገር ሥራው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን በተለጠፈበት ጠባብ ስቱዲዮ ተቀምጦ ለከተማው ስፖርት ወዳድ ሲጮህ ኖሯል። ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ዝምታ ወንጀል ነው። ሦስት ሰከንድ ዝም ያልክ እንደሆነ አድማጭ ሌላ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ቴክኒሻኑ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ እጁን ያወናጭፋል፣ አለቃ ስልክ ይደውላል። “ዝም አይነቅዝም” የሚለው ተረት ለሌላው ሕዝብ እንጂ ለሬዲዮ ሰው አልተተረተም።

አብሮት የሚያቀርበውን ጓደኛውን አድማጮች ሚዛን ይሉት ነበር። ሚዛን አንዲት ቁጥር እንኳ ሳያጣራ ከአፉ አያወጣም። “በሌላ በኩል ግን...” ብሎ ይጀምርና ቀሪው ጣሪያው ላይ የተጻፈለት ይመስል ቀና ብሎ ያስባል። ንግግሩን ሳይጨርስ እንዳይነጠቅ አመልካች ጣቱን ያነሳል። ነጎድጓዱ ጣቷን ያያታል፤ ግን ጠብቋት አያውቅም። ዘሎ ይገባና ራሱ ይጨርስለታል። አድማጩም ይስቃል፤ ፕሮግራሙም በዚህ ይወደድ ነበር። ሚዛንን ግን ደስ ይበለው አይበለው ማን ጠይቆት!

ከሰባት ዓመት በፊት ፕሮግራሙ ተሰርዞ በሙዚቃ ተተካ። በመጨረሻው ቀን ነጎድጓዱ የሚወደውን የጭቃውን ፍጻሜ ተረከ። የከተማው ቡድን በዶፍ ዝናብ ዋንጫ ያነሳበት፣ እሱ ራሱ ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ውሃ ጫማው ውስጥ እየገባ ያስተላለፈው ጨዋታ ነው። “ሦስት ለሁለት!” አለና ጠረጴዛውን ደበደበው። ፕሮግራሙ ሊዘጋ ሠላሳ ሰከንድ ሲቀር ሚዛን ጣቱን አነሳ።

“አድማጮቻችን...” አለ፤ እንደ ልማዱም ጣሪያውን አየ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ነጎድጓዱ አልቻለም። “አድማጮቻችን፣ ደህና ሁኑ! ስንወዳችሁ ኖረናል!” ብሎ ጮኸ። የስርጭቱ ቀይ መብራት ጠፋ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሱ የተመለጠው ቀደም ብሎ ነው፤ አፉ ማምለጡ የገባው ግን ቤቱ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ ነበር። የሰው ስንብት ነጥቋል። ሚዛን ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ እሱም ይቅርታ አልጠየቀም። ነገሩ ሰባት ዓመት ሆዱ ውስጥ ተቀመጠ። በየሳምንቱ ይገናኛሉ፣ ይጨዋወታሉ፣ እሱ ያወራል፣ ሚዛን ይሰማል።

ከሦስት ወር በፊት ሚዛንን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ዛለ፤ ቃላቱም ጠፉ። ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መናገር ግን የለም። ነጎድጓዱ ቅዳሜ ሳያዛንፍ እየመጣ ሊረዳው ሞከረ፤ የረዳው መስሎትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ሚዛን ግንባሩን እስኪያልበው ታግሎ “መ...” አለ። “መስኮት? መስኮቱን ልክፈት? መነጽር? መጽሐፍ?” ነጎድጓዱ ተሯሯጠ። መስኮቱን ከፈተ፣ መነጽሩን አመጣ፣ ሦስት መጽሐፍ ጭኑ ላይ ቆለለበት። ሰውዬው የፈለገው መጸዳጃ ቤት ነበር። ወንበሩ ከረጠበ በኋላ ነው የታወቀው።

ስለዚህ ዛሬ የሚዛን ልጅ በሩ ላይ ጠበቀችው። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነገር ሳታለሳልስ፣ መጠኑን ለክታ ትነግርሃለች።

“ጋሼ፣ አባቴ እንደሚወድዎት አውቃለሁ፤” አለች። “የንግግር ሐኪሟ ግን አንድ ነገር ብላለች። ሌላ ሰው በጨረሰለት ቁጥር እሱ መሞከር ይተዋል። እስከ ሃያ ቆጥረው ይጠብቁት። ይህን ካልቻሉ... አይቀየሙኝና፣ ባይመጡ ይሻላል።”

እስከ ዛሬ ነጎድጓዱን እንዲህ የተናገረው ሰው አልነበረም። ይበልጥ ያመመው ደግሞ እውነቷን መሆኑ ነው።

ሚዛን መስኮቱ አጠገብ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከራሱ በላይ ሁለቱ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው የተነሱት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ፎቶው ላይ እንኳ የነጎድጓዱ አፍ ክፍት ነው። ነጎድጓዱ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ከተተ። ምን ያውራ? የጓደኛው ዓይን የሚበራው በአንድ ወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ የጭቃውን ፍጻሜ ጀመረለት። ዝናቡን፣ ኳሷን የዋጣትን ኩሬ፣ ፊቱ በጭቃ የማይታየውን በረኛ ተረከ። “መጨረሻው ምን ሆነ? ሦስት ለሁለት!”

የሚዛን ግራ እጅ ከጭኑ ላይ ተነቃነቀ። ጣቷ ተነሳች።

ነጎድጓዱ ከንፈሩን ነከሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሦስት ላይ ላብ አላበው። ሰባት ላይ የሚዛን ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አሥራ አንድ ላይ ከወጥ ቤት ይሰማ የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ፤ ልጅቷ እያዳመጠች ነው። ሃያ ደረሰ፤ ምንም የለም። ነጎድጓዱ ግን ቀጠለ፤ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። የሚዛን ጣት እንደተነሳች እስካለች ድረስ ቢመሽም ይቆጥራል።

“አድ... ማጮ... ቻችን...” አለ ሚዛን።

ነጎድጓዱ እንባው መጣ። ያችው ቃል ናት፤ ከሰባት ዓመት በፊት ከቆመችበት የቀጠለች። አሁን ስንብቱን ሊናገር ነው፤ ጮክ ብሎ ማልቀስ ቢያሰኘውም ዛሬ አይነጥቀውም።

“ሦስት...” አለ ሚዛን። ጣሪያውን አየ። ነጎድጓዱ እንደገና ከአንድ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ቆጠረ። “...ለ... አንድ።”

“ምን?”

“ፊ... ሽካ።”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የተጋጣሚው ቡድን ሁለተኛ ጎል ስትገባ ነጎድጓዱ ሜዳው ዳር፣ ማይክሮፎኑን ጨብጦ እየጮኸ ነበር፤ ዳኛው ሲሽራት ፊሽካውን አልሰማም። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጎል ስንቴ ቆጥሯት! ሰባት ዓመት አንጀቱን የበላው ስንብት፣ ስንብት አልነበረም። ሚዛን ያን ቀን የፈለገው ውጤቱን ማስተካከል ነው።

ነጎድጓዱ ሳቀ፤ ሳቁ ለቅሶም ነበረበት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ማይክሮፎን ፊቱ እንዳለ ሁሉ ቀና አለና በዚያ በአሮጌው ድምፁ ተናገረ። “አድማጮቻችን፣ እርማት አለን። የጭቃው ፍጻሜ ውጤት ሦስት ለአንድ ነው። ፊሽካውን ያልሰማሁት እኔ ነኝ፤ እየጮህኩ ነበር። ባልደረባዬንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

ሚዛን በግማሽ ከንፈሩ ፈገግ አለ። ጣቷ ግን አልወረደችም።

ነጎድጓዱ ጣቷን አየና አፉን ዘጋ። ወንበሩን ወደ ጓደኛው ጠጋ አድርጎ እንደገና ከአንድ መቁጠር ጀመረ።