መተው የሚለው ግሥ

መምህሯ የአዲስ ኪዳንን ግሪክኛ ስታስተምር ነው ፀጉሯ የሸበተው። ክፍሉ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ ስለሆነ፣ ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ እሷም ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። የዚያን ቀን ትምህርት አንድ ግሥ ብቻ ነበር፤ «አፊኤሚ»። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ሲሄዱ ወንጌሉ የሚጠቀመው በዚህ ግሥ ነው። የጴጥሮስን አማት ትኩሳቱ ሲለቃት ያው ነው፤ ኃጢአት ይቅር ሲባልም ያው። የእኛ ተርጓሚዎች እንደየቦታው ለያይተው አስቀመጡት እንጂ በግሪክኛው አንድ ቃል ነው አለቻቸው።

ከተማሪዎቹ መካከል ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። እጇን አውጥታ፣ ባል ሚስቱን ትቶ ቢሄድስ በምን ይባላል ስትል ጠየቀች። በዚሁ ነው፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ባል ሚስቱን እንዳይተው ያዘዘው በዚሁ ግሥ ነው ብላ መምህሯ መለሰችላት።

«እንግዲህ በዳዩም ተበዳዩም የሚሠሩት በአንድ ቃል ነዋ» አለች ነርሷ።

ክፍሉ ሳቅ አለ። መምህሯ አልሳቀችም።

አባቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እሷ ገና ፊደል ስትቆጥር፣ ወንድሟ በእናታቸው ጀርባ ታዝሎ ሳለ፣ እንደ ልማዱ ለሥራ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ሌላ ከተማ ሌላ ቤት መሥርቶ ነበር። እናታቸው የሰው ልብስ እየሰፋች አሳደገቻቸው። ዓይኗ ደክሞ መርፌው አልታይ ሲላት ክሩን ልጆቿ ያስገቡላት ነበር። የባሏን ስም አንድም ቀን ሳታነሳ ሞተች።

ወንድሟ መካኒክ ነው። በዚያው ሳምንት ወደ ጋራዡ አስጠራትና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ አባታቸው እሱ ቤት እንዳለ ነገራት። ሁለተኛ ሚስቱ ሞታበት፣ ልጅም ሳይወልዱ፣ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ አጠያይቆ ያመጣው አንድ ጎረቤቱ ነበር። ሳያማክራት ማስገባቱ መምህሯን አንገበገባት። ወንድሟ አልተከራከራትም።

«እቴ፣ እኔ መልኩን እንኳ አላውቀውም ነበር» አላት። «ምኑን ልቆጣበት? የሚጠይቀው አንቺን ነው።»

ጥቂት ቀን እግሯን ስትጎትት ቆይታ ሄደች። አባቷ መስኮቱ ሥር ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ዘመን መሪ ሲያዞር የኖረ ክንዱ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሟል። እንደ ማንኛውም እንግዳ ሽማግሌ «እንደምን ነዎት?» አለችው። አንደበቱ እየተሳሰረ ስለ ሕመሙ አወራት። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ።

«ትቻችሁ ሄድኩ» አለ። «ሰበብ የለኝም። ይቅር በይኝ።»

ያንን ግሥ ዕድሜ ልኳን ስታረባው ኖራለች። ለተማሪዎቿ፣ መርሳት ማለት አይደለም፣ በደሉ ቀላል ነበር ማለትም አይደለም፣ የያዙትን ከእጅ መልቀቅ ነው ትላቸው ነበር። እሷ ምን ይዛ እንደኖረች አሁን ታያት። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ደጅ ሮጣ የምትወጣ ልጅ ነበረች።

«ትቼልሃለሁ» አለች በመጨረሻ። አንቱታው የወደቀው ሳታውቀው ነው።

አባቷ በደህናው እጁ ፊቱን ሸፈነ። ቆይቶ፣ «እናትሽስ?» አለ። «ይቅር ብላኝ ነበር?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ደክሟል፤ የሚያጣራበትም የለም። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ለመናት።

«አላለችም» አለችው። «እኔ የምተወው የራሴን ነው። የእሷን ልተውልህ አልችልም።»

«ልክ ነሽ» አለ አባቷ።

ከዚያ ወዲህ ትመላለስ ጀመር። ጢሙን ትላጨዋለች፤ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች። አንዳንድ ቀን ንዴቷ ደጃፉ ላይ ይቀበላትና ሳትገባ ትመለሳለች። ወንድሟም ለምን ቀረሽ አይላትም። ሌላ ቀን ደግሞ አባቷ ያጫውታታል፤ ዳገት ላይ እምቢ ስላለው ፍሬን፣ ገመዷን በጥሳ ተሳፋሪውን ከነሹፌሩ ከአውቶቡሱ ስላስወረደች ፍየል። ሳታስበው ትስቃለች። ሳቁንም ከእናቷ የሰረቀችው ይመስል ቤቷ ስትገባ ይቆጠቁጣታል።

ክረምቱ ሲያበቃ አንድ ከሰዓት፣ ሾርባ በማንኪያ እየሰጠችው ሳለ አረፈ።

ወንድሟ ከእናታቸው አጠገብ እንቅበረው አለ። ባዶ ቦታ ነበር።

«አይሆንም» አለችው። «እሷን ማን ጠየቃት?»

አልተከራከራትም። በመቃብሩ ስፍራ ሌላኛው ዳር፣ ግንቡ ሥር ቀበሩት። ለቀስተኛው ሲበተን ወንድሟ ወደ እናታቸው መቃብር አመራ። እሷ አዲሱ አፈር ዘንድ ቆየች፤ ሌላ የሚቆይለት ሰው አልነበረም።