ጋሽ ሙጫ

«ጡረታ ወጥቶ ነው በሉ፤ አለቀ ደቀቀ!» አለች አክስትየው ሻይ እየቀዳች፣ በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ እንደሆነ ግቢ በር ላይ ላለ ሰውም ይሰማል።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ሰበር አድርጎ ትንሽ ከቆየ በኋላ ጥያቄው ያው ነው፦ «ጎረቤት አገር ለምርጫ ሥራ ሄዶ አልነበር? ምን ሆኖ ተመለሰ?» እውነቱ ከዚያ አገር መባረሩ ነው። ለምን እንደተባረረ ቤተሰቡ አያውቅም። ሰፈሩ ግን የሚያውቅ ይመስል አንዴ ስርቆት፣ አንዴ ሴት እያለ ሰባት ዓመት ሲያማው ኖረ።

ያኔ አንዲት ሻንጣ ይዞ ሲመጣ በሩን የከፈተችለት እሷው ነበረች።

«አባባ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ሥራዬን» አላት፤ ቀጥሎም እራት ተርፎ እንደሆነ ጠየቀ። የሚሸሻት መሰላት። እስኪሞት ድረስም ቅሬታዋን አልደበቀችውም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጠና ያለች ሴት ገባች። ድንበር ተሻግራ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ የመጣች መምህርት ናት።

«የጋሽ ሙጫ ቤት ይሄ ነው?»

አክስትየው ክው አለች። «የማን?»

«እኛ እንደዚያ ነው የምንላቸው» አለችና መምህርቷ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንድ የእርዳታ ድርጅት እኛን ምርጫ አስፈጻሚዎችን እንዲያሠለጥኑ ላካቸው። ሁሌ የሚሉን አንድ ነገር ነው፦ ቁጠሩ፣ ፈርሙ፣ ሳጥኑ ከግቢ ሳይወጣ ውጤቱን በሩ ላይ ለጥፉ። ምርጫው ሲቃረብ መንግሥታችን ሙጫ የሚባል ነገር ከየሱቁ ሰብስቦ ወሰደ። እሳቸው ምን ቢሉን ጥሩ ነው? ‹ቤታችሁ ዱቄት ጠፋ?› ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ዱቄት በውሃ አፍልተው አሳዩን። በሃምሳ ሁለት ትምህርት ቤቶች በር ላይ ለጠፍነው! ሬዲዮው የራሱን ቁጥር ተናገረ፤ ሰው ግን በሩን አንብቦ ጨርሷል።»

«ታዲያ ለዚህ ነው ያባረሩት?» አለች ልጅቷ።

«ማን አስተማራችሁ ብለው እኛን አሰሩን። አባትሽ ‹እኔ ነኝ› ብለው በእግራቸው ሄዱላቸው። እኛ ተፈታን፣ እሳቸው ተባረሩ። ‹ወሬው ዞሮ እናንተን እንዳያስይዛችሁ እቤቴም አልናገርም› ብለውን ነበር። እኔ እንግዲህ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ምን ያመጣሉ?»

ልጅቷ ኮራች። እንባዋም ከኩራቷ ጋር አብሮ መጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስታኮርፈው ዝም ብሎ የቻላት አባቷ አንጀቷን በላት።

ይኼኔ ጥግ ሆኖ ወሬውን ያልሰማ አንድ ለቀስተኛ ወደ አክስትየው ጠጋ ብሎ፣ «ጡረታ ወጥቶ ነው አይደል የመጣው?» አለ።

አክስትየው አፏን ልትከፍት ስትል ልጅቷ ቀደመቻት።

«ተባሮ ነው» አለች፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከዚያም ፈቀቅ ብላ በራሷና በአክስቷ መካከል ቦታ ከፈተችና መምህርቷን በእጇ ስባ አስቀመጠቻት።