ለካሜራ የወጣው ታቦት

ቢሆነኝ መጀመሪያ የተቆጣው በጓድ ፈንታው ላይ ነው፤ ያውም በሆዱ። አስጎብኚ በአፉ አይቆጣም። ስምንት ዓመት ሙሉ በአፉ ሲስቅ በሆዱ ሲሳደብ የኖረ ሰው ስለሆነ ያን ቀንም እንደ ልማዱ «እሺ ጓድ» ብሎ ቆመ። ያቺ «እሺ» ናት ጉድ ያፈላችው።

ጊዜው መጋቢት ሰባ ስድስት ነበር። ቢሆነኝ ዘጠኝ የውጭ አገር እንግዶች ይዞ አዲስ አበባን ከለቀቀ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ከመሥሪያ ቤት የሰጡት ወረቀት «ታሪካዊ ከተሞች፣ ተራሮችና በረሃ፤ አሥራ ስድስት ቀን» ይላል። ሐረርን ከነጀጎሏ አሳይቷቸዋል፤ በአዋሽ ወርደው የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ በባቲ በኩል ደሴ ወጥተው፣ ከወልድያ በድልብና በኩልመስክ አድርገው ላስታ ገብተዋል። አውቶቡሷ ሃያ ሰው የምትይዝ ትንሽ ናት። ሾፌሩ ሀሰን የባቲ ልጅ ነው፤ መንገዱን እንደ መዳፉ ያውቀዋል።

ፈንታው የተሳፈረው ወልድያ ላይ ነው። ከአውራጃው የተመደበ ካድሬ ሲሆን ሥራው እንግዶቹ የሚያዩትን ማየት ነበር። ከድልብ በላይ ግን የማይታይ ነገር አልነበረም። መኸሩ ከድቷል፤ በልጉ ደግሞ ጠብ አላለም። የላስታ ገበሬ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ፣ እህል ይታደላል ወደተባለበት ወደ ወልድያ ይወርዳል። ሀሰን መኪናውን ቀዝቀዝ ሲያደርግ ፈንታው ዞር ብሎ እንዳይቆም አዘዘው። ነጭ ፀጉር ያላት አንዲት እንግዳ እነዚህ ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀች። ቢሆነኝ ገበያተኞች ናቸው አላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። እሱ ራሱ የዚያው መንገድ ልጅ ነው፤ ከኩልመስክ በላይ ባለች መንደር ታላቅ እህቱ ትርንጎ ናት አዝላ ያሳደገችው። የመንደሯ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት አዞረ። ይህን ያደረገ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ደመወዙን የሚፈራ ሰው ነዋ።

ላሊበላ በገቡ ማግስት ጠዋት ፈንታው ሐሳቡን አወጣ። ከእንግዶቹ አንዱ ፊልም አንሺ ነው፤ ፊልሙ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ይደርሳል። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ጥምቀትን አላዩም። ስለዚህ ጥምቀት ይደረግላቸው። ታቦት ይውጣ፣ ከበሮ ይመታ፣ ካህናቱ ያሸብሽቡ፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። ምሳ የሚያዝ ነበር የሚመስለው።

ቢሆነኝ ጾም መሆኑን ለማስረዳት ሞከረ። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፤ ታቦትም ያለ ንግሡ ከመንበሩ አይነሣም። ፈንታው ባህል የሕዝብ ንብረት እንደሆነ፣ የሕዝብን ንብረት የሚደብቅ ደግሞ ምን እንደሚባል ነገረው። ቀጥሎም ከከተማው ጥግ ያለችውን ትንሽዬ ደብር ጠራ። የደብሯ አለቃ እንቢተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ እንቢ ካሉ እስር ቤት ያርፋሉ። አራቱ ዲያቆናት ደግሞ ለውትድርና ዕድሜያቸው የደረሰ ነው፤ ስማቸውን ነገውኑ ማስተላለፍ ይቻላል።

ሽማግሌው የኔታ ተክለ ሚካኤል ናቸው። ቢሆነኝ ከተማ ሳይገባ፣ እንግሊዝኛም ሳይለምድ፣ ስድስት ዓመት ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ የተማረው እሳቸው ዘንድ ነው። ሄደና ጉልበታቸውን ሳመ። የኔታ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት። እስር ቤትም ቤት ነው፣ አልፈቅድም በላቸው አሉ። የአራቱን ዲያቆናት ነገር ሲነግራቸው ግን እንቢታቸው ላላ፤ ሁለቱ የአንዲት ባልቴት ልጆች ነበሩ።

ያኔ ነው ቢሆነኝ ብልሃቱን ያወጣው። ታቦቱ ከመንበሩ አይነሣም። ባዶ ሳጥን መጎናጸፊያ ይለብስና በቄስ ራስ ላይ ይቀመጣል። ጃንጥላ ይዘረጋል፣ መስቀል ይያዛል። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ ስለዚህ ጾሙም አይሻርም። ፈንታው ልዩነቱን አያውቅ፤ እንግዶቹም አያውቁ። ሳጥኑንም እሱ ያመጣል።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ደወሉ ግን እንዳይነካ» አሉት። «ካሜራ ያነሣውን እንግዶችህ ያዩታል፤ ደወሉን ግን አገር ይሰማዋል።»

ቢሆነኝ ማለላቸው። ምሎም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አንገት ደፊ አገር አጥፊ ያለው ሰው እሱን ያየ ነው።

ሳጥኑን ያመጣው ከአውቶቡሷ ነው። የእንግዶቹ የቆርቆሮ ዓሣ የመጣበት የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ቆርቆሮዎቹ በረሃ ላይ አልቀው ባዶውን ቀርቷል። መጎናጸፊያው ሲወርድበት ያማረ ነገር ሆነ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሰልፉ ወጣ። ፊት መስቀል፣ ከኋላው ጃንጥላ፣ መሐል ላይ ሳጥኑን በራሱ የተሸከመ ቄስ፤ የኔታ ከሁሉም ኋላ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ይራመዳሉ። ፊልም አንሺው ወዲያ ወዲህ አለና ተመልሶ መጣ። ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ድምፅ የለውም፤ ደወል የላችሁም ወይ አለ። ፈንታው ቢሆነኝን አየው። ቢሆነኝም ደወል ምን ያደርጋል፣ ደወል ደወል ነው ብሎ አሰበና ራሱን ነቅንቆ ለደዋዩ ምልክት ሰጠው።

ደወሉ ተመታ። የኔታ ባሉበት ቆመው ቢሆነኝን ቀና ብለው አዩት።

የላስታ ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። በጾም፣ ያለ ንግሥ ቀን፣ ከበሮ ሳይመታ፣ ደወል እየተደወለ ታቦት ከወጣ ምህላ ነው። ለአንበጣ፣ ለተስቦ፣ ለድርቅ የሚያዝ፣ ሦስት ቀን የሚቆይ ምህላ። የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል። ቢሆነኝ ይህን አያውቅም አይባልም፤ ያውቃል፤ ስድስት ዓመት ተምሮታል። ከበሮውን ባስቀረ ጊዜ ጾሙን ያዳነ መሰለው እንጂ ድግሱን ምህላ እንዳደረገው አልታየውም። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከብልጥ ነኝ ባይ ደጅ ግን ዛፉ ከነሥሩ ይነቀላል።

ውኃ ልትቀዳ የወጣች ሴት እንስራዋን አስቀምጣ በግንባሯ ተደፋች። ሌሎችም ተከተሏት፤ «እግዚኦ» የሚል ድምፅ ከየቤቱ ወጣ። ፊልም አንሺው ተጠግቶ እንባቸውን አነሣ። ፈንታው በጣም ደስ አለው።

ረቡዕ ዕለት ቢሆነኝ እንግዶቹን ከከተማው ወጣ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ሲያሳይ ዋለ። ሐሙስ በማለዳ በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ወጡ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ የላስታ አገር ከሥራቸው ተዘርግቶ ታየ። በኩልመስክ በኩል በሚመጣው መንገድ ላይ ሰው ነበር። ብዙ ሰው። ወደ ታች አይወርድም፤ ወደ ላሊበላ ይመጣል። ነጭ ፀጉሯ እንግዳ ዛሬም ገበያ ነው ወይ ስትል ጠየቀችው፤ አጠያየቋ የገባት ሰው አጠያየቅ ነበር።

አጠገባቸው የነበሩ አንድ መነኩሴ ናቸው ነገሩን የነገሩት። ምህላው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እኛም እዚህ ሆነን እየጸለይን ነው አሉ። እህል ፍለጋ ወደ ወልድያ የወረደው ሁሉ ኩልመስክ ላይ ወሬውን ሰምቶ ተመልሷል፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ ሕዝቡ ከእህሉ ፈጣሪውን አስቀደመ። ቢሆነኝ እንግዶቹን ለበቅሎ ነጂዎቹ ትቶ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደው።

የደብሯ ቅጥር ሞልቶ ከቅጥሩ ውጭም ሰው ተቀምጧል። ማንም አይናገርም፤ የሚናገርበት ጉልበት የለም። ትርንጎን ያገኛት ከግንቡ ሥር ነው። ትንሿን ልጇን አዝላለች፤ የልጅቷ ራስ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። እሱን ስታይ ያ ዓይን በራ።

«አንተም ለምህላው መጣህ?» አለችው። «ከተማ አስረሳው ሲሉኝ እኔ መች አመንኳቸው።»

ጉንጯን ሳመና አጠገቧ ተንበረከከ። ባሏ ከፋለ እግሩ አብጦ መራመድ ስላቃተው ኩልመስክ ላይ መንገድ ዳር ትታው እንደመጣች ነገረችው። ምህላውን አድርሼ እመለሳለሁ፣ ከዚያ አብረን ወልድያ እንወርዳለን ብላዋለች። ወልድያ ለመድረስ ሁለት ቀን ነበር የቀራቸው። ቢሆነኝን ከሥራው ሁሉ ይልቅ ትዝ ያለው ያ ራሱን ነቅንቆ ለደዋዩ የሰጠው ምልክት ነው። ፈንታውን አልነበረም አሁን የሚሰድበው። የገዛ አንገቱን ቢቀነጥሰው ደስ ይለው ነበር።

ለዲያቆናቱ ብለው እስካሁን አፋቸውን የያዙት የኔታ ከቤተ ልሔሙ በር ወጡ። ሳጥኑን በመጎናጸፊያው እንደተሸፈነ ይዘውታል። ሕዝቡ ሲያየው ሊሰግድ ተንቀሳቀሰ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው ከለከሉ። ቀጥ ብለው መጥተው ሳጥኑን ቢሆነኝ እግር ሥር አስቀመጡት።

«አስጎብኚ አይደለህ?» አሉት። «በል አስጎብኛቸው።»

ቢሆነኝ መጎናጸፊያውን ገፈፈ። በሳጥኑ ጎን ላይ የሰባ ዓሣ ሥዕል አለ። ክዳኑን ከፍቶ ባዶውን አሳያቸው። ታቦት አልወጣም አለ፤ ምህላም አልተያዘም፤ ለፈረንጅ ፊልም የተደረገ ነው፤ የኔታ ደወሉን ከልክለው ነበር፤ ያስደወልኩት እኔ ነኝ። የሚወረወር ድንጋይ ጠበቀ፤ ድንጋይ ቢወረወር ይሻለው ነበር። ሰዎቹ ግን ዓሣውን ነው የሚያዩት። አንድ ሕፃን ጣቱን ቀሰረበት።

አንድ አዛውንት ገበሬ፣ «እኛ ታዲያ ለምን ሰገድን፣ የኔታ?» ብለው ጠየቁ።

«ስግደታችሁ ደርሷል» አሉ የኔታ። «የተዋሸው እናንተን ነው፤ ፈጣሪን የሚዋሸው የለም። አሁን ተነሡና ውረዱ። ምህላችሁን እየሄዳችሁ አድርሱ። እግዚአብሔር ወልድያም አለ፤ እህሉ ግን ያለው ወልድያ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወደ ቢሆነኝ ዞረው መራመድ የማይችለውን አንተ ታወርዳለህ አሉት። ቢሆነኝ መኪናው የኔ አይደለም፣ የመንግሥት ነው አለ።

«ታቦቱስ ያንተ ነበር?» አሉት።

ሀሰን ነገሩን ሰምቶ አውቶቡሷን ቅጥሩ ድረስ አምጥቷት ነበር። የእንግዶቹን ሻንጣ ከላይ ማውረድ ጀምሯል፤ ማንም ያዘዘው የለም። ሽማግሌዎችንና ሕፃን ያዘሉትን አስገቡ፤ ለሃያ በተሠራችው ላይ አርባ ሁለት ሰው ገባ። ትርንጎ በራሷ እግር ወጣች፤ ቢሆነኝ ክንዷን ሊይዝ ሲል ሸሸችው።

ፈንታው እየሮጠ መጣና መዳፉን ኮፈኑ ላይ ጭኖ ከፊታቸው ቆመ። እንግዶቹ ከተራራ ሲመለሱ በምን ይሄዳሉ? ይህ የመንግሥት ንብረት መዝረፍ ነው፤ ወልድያ ሳትደርስ ትታሰራለህ።

«እታሰራለሁ» አለ ቢሆነኝ። «እስኪያስሩኝ ግን እጅህን አንሣ።»

ሀሰን «ቢስሚላህ» ብሎ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ዝግ ብላ ወደፊት ስትል ፈንታው ሁለት እርምጃ አፈገፈገ፤ ቀጥሎ ሦስት፤ ከዚያ ከመንገዱ ወጣ። ከኋላ ሆኖ የሚጮኸውን የሰማው አልነበረም።

እስከ ኩልመስክ ድረስ ትርንጎ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። ቢሆነኝ ከጎኗ ቆሟል። በመንገዱ ዳር በእግራቸው የሚወርዱትን ሲያልፉ ሀሰን እየቆመ ይቅርታ ይጠይቃቸው ነበር፤ ቦታ ስለሌለ። ጥፋቱ የሱ ያልሆነው ሰው ነበር ይቅርታ የሚለው።

ከፋለ ኩልመስክ መግቢያ ላይ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እግሮቹ ያበጡ ናቸው፤ ሆኖም ሚስቱን በመስኮት ሲያያት በበትሩ ተደግፎ ተነሣ። ቢሆነኝ ዘሎ ወርዶ ደገፈው። ከፋለ ግን እሱን ገና ልብ አላለውም፤ ዓይኑ ትርንጎ ላይ ነው።

«ምህላው እንዴት ሆነ?» አላት። «ደረሰ?»

ትርንጎ ልጅቷን ከጀርባዋ አስተካከለችና ከመኪናው በር ላይ ሆና ወንድሟን አየችው።

«እሱን ጠይቀው» አለች።